ዳፍንት የያዘው ልጅ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ወታደር ማሰልጠኛ ሊገባ ነው። «ጋሼ፣ ስልጠናው ላይ ጉልበት እንዳያንሰኝ ምን ልብላ?» አለኝ። «የተሰጠህን ሁሉ ብላ፣ አትምረጥ» ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1970ዎቹ ኤርትራ ውስጥ፣ ሳህል ተራሮች ላይ የጦሩ ጤና ረዳት ነበርኩ። ስንቃችን ኮቾሮ ነው። ለማታውቁት፣ ኮቾሮ ድንጋይ የመሰለ የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው፤ ሻይ ከተገኘ ይነከራል፣ ካልተገኘ በጥርስ ይሰበራል። ሆድ ይይዛል፣ ተራራም ያስወጣል፣ አልክድም። ውሃ ሲጠፋ ግን አይዋጥም፣ የጠማው ሰው መብላቱን ይተዋል። ወራት ሲቆጠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል።

ሃያ ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጣና «ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይኔ ይጠፋል» አለኝ። ቀን ቀን መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ዓይኑን ገልጬ አየሁት፣ ምንም የለበትም። የሌሊት ጥበቃ ሊሸሽ መሰለኝ። አለቃው ሲጠይቀኝ «ጤነኛ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ሌሊት ወደ ጥበቃ ሲሄድ ገደል ገባ። ጭኑ ተሰበረ። በጥይት ሳጥን እንጨት እግሩን ሳስርለት ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። እኔ ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ ሳይቀር አያለሁ። እሱ ግን በእጁ እየዳበሰ እጅጌዬን ያዘና «ማነህ?» አለኝ። ፊቴ ፊቱ ላይ ነበር።

አጠገባችን የነበረ አንድ የገጠር ሰው ገና ሲሰማው «ዳፍንት ነው፣ ጉበት አብሉት» አለ። እኔ ተምሬዋለሁ እኮ! የቫይታሚን ኤ እጥረት፣ የሕፃናት በሽታ ብዬ ነበር የያዝኩት። ልጁ ሆስፒታል ገብቶ ቫይታሚኑን ሲወስድ በቀናት ውስጥ ማታ ማየት ጀመረ። እግሩ ግን አጥሮ ቀረ።

እናቴ ስትሸኘኝ ጭኮ በቅቤ አሽታ በጨርቅ ቋጥራ ሰጥታኝ ነበር። በሁለት ቀን ከጓደኞቼ ጋር ጨረስነው። ያ ልጅ ያጣው ቫይታሚን ቅቤው ውስጥ ነበር። እሷ ቫይታሚን የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም።

ድህነታችን ነው እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 በርማ ጫካ የዘመቱት የአሜሪካዊው ጄኔራል ሜሪል ወታደሮች ኬ ሬሽን የሚባል ስንቅ ይዘው ነበር። ለጥቂት ቀን ተብሎ የተሠራ ነው፣ የቀኑ ድርሻ 3,000 ካሎሪ ግድም። እነሱ ለወራት ተራራ ወጡበት። ከስተው፣ በተቅማጥና በወባ አልቀው ነው የወጡት። ዛሬ አሜሪካኖች ኤምአርኢ የሚሉት የወታደር ምግብ እሽግ አንዱ ወደ 1,250 ካሎሪ አለው፣ በቀን ሦስት ይሰጣል። እሱንም ቢሆን ብቻውን ከ21 ቀን በላይ አትመገቡ ይላሉ። ለሳምንት የሚበቃ ስንቅ ለዓመት አይበቃም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

የዛሬ ልጆች ብራችሁን ፕሮቲን ዱቄት ላይ ትጨርሳላችሁ፣ ጎመንና ካሮት ግን ትንቃላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። ቢሆንም ትጠይቃላችሁ፣ እኛ አንጠይቅም ነበር። ለእህቴ ልጅ የሰጠሁትም መልስ ልክ አይደለም፤ እኛም እኮ የተሰጠንን ሁሉ ነበር የምንበላው። መልሼ ደውዬ «አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ወር ካለፈው፣ ሰውነትህ የሚነግርህን ለሐኪሙ ሳታፍር ንገር» አልኩት።

ከእናንተ መሀል ጤና የምትማሩ ካላችሁ፣ ያን ልጅ ማታ ጠርቼ፣ ፋኖሱን ዝቅ አድርጌ «ስንት ጣት ነው?» ልለው ይገባ ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።