አዋጁ ወጥቷል፣ መመሪያው ግን አልወረደም ላሉህ ወንድማችን

ወንድምዓለም፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ፍኖተ ሰላም ላይ ወፍጮህንና ሁለት በሬዎችህን አስይዘህ ልትበደር ባንክ ሄድክ። «አዋጁ አለ፣ መመሪያው ግን ለእኛ አልወረደም» አሉህ። በዚያው ሰሞን ደብረ ማርቆስ የገዛኸው የውሃ ፓምፕ ሳምንት ሳይሞላው ቆመ። ሻጩም ግድግዳው ላይ የለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳይቶ ሸኘህ። «ሕግ ከጸደቀ በኋላ ለምን አይሠራም?» ነው ያልከው። እኔ ቡሬ ላይ እህል ስነግድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን «አልወረደም» የሚባል መልስ ጠግቤዋለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን ጉዳዮች ለያያቸው። የባንኩ ጉዳይ የምር የሚጠብቀው ነገር ነበረው። የፓምፑ ግን ምንም የሚጠብቀው ነገር የለም።

የባንኩን ልንገርህ። አንተ የምትለው የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በመያዣ የሰጠኸውን ዕቃ ለአበዳሪው ማስረከብ ነበረብህ። በሬህን ባንክ ግቢ አስረህ በምን ልታርስ ነው? አዲሱ አዋጅ ይህን ፈታው። በሬው አንተ ጋ እያረሰ፣ ወፍጮውም እየፈጨ ዋስትና መሆን ይችላል። ችግሩ ባንኩ ያው በሬ ሌላ ቦታ ተይዞ እንደሆነ በምን ያውቃል? ስለዚህ መዝገብ ያስፈልጋል። ባንኩ ከማበደሩ በፊት መዝገቡን ያያል፣ የራሱንም ያስመዘግባል። ቀድሞ ያስመዘገበ ቅድሚያ አለው። ይህን መዝገብ መዘርጋት የብሔራዊ ባንክ ሥራ ነበር፤ አዋጁ በወጣ ማግሥት የሚደርስ ነገር አልነበረም። በዚህ መዘግየት ብዙም አልፈርድም።

ዛሬ ግን መዝገቡ አለ። ታዲያ ቅርንጫፉ ምን ያዘው? እኔ የመጋዘን በቆሎዬን ላስይዝ አንድ ባንክ ሄጄ ነበር። የብድር ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነው፣ ሊያባርረኝ አልፈለገም። መሳቢያውን ከፍቶ የማመልከቻ ቅጹን አወጣልኝ። የዋስትና ዓይነት የሚለው ሥር ቤት፣ ተሽከርካሪ፣ ማሽነሪ ተብሎ ታትሟል። በቆሎ የሚጻፍበት መስመር የለም። «ጋሼ፣ በእስክሪብቶ ብጨምረው ዋናው መሥሪያ ቤት ይመልስብኛል» አለኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የሚጠበቀው ወረቀት ከመንግሥት የሚመጣ አልነበረም፣ የባንኩ የራሱ የብድር መመሪያ ነበር። በሬውን ማን ይገምታል? ቢሞት ኢንሹራንሱ የማን ነው? ነቀዝ የበላው በቆሎስ? ይህን ሳይጽፉ ሠራተኛው በራሱ ፊርማ አይደፍርም፤ እውነቱን ነው።

ስለዚህ አንተ «አዋጁ ይፈቅዳል» እያልክ መስኮት ላይ አትከራከር። «የእናንተ የብድር ፖሊሲ ወፍጮ ይቀበላል ወይ?» በልና በጽሑፍ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይጠይቁልህ። በሬዎቹን ለጊዜው ተዋቸው፣ በወፍጮው ጀምር። ማሽነሪ የሚል መስመር እዚያው ቅጽ ላይ አለ። የግዢ ደረሰኙንና ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይዘህ ሂድ። አንዱ እምቢ ካለ ሌላው ጋ ጠይቅ፤ ሁሉም ባንክ እኩል አልነቃም።

ወደ ፓምፑ። እዚህ ላይ ትንሽ ያናድደኛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከወጣ ስንት ዘመኑ! ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። የጎደለው ሕጉን ይዞ የሚቆምልህ ሰው ነው። ይህን አዋጅ የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነበር። በ2014 እሱም ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄደ። እኛ አካባቢ ጉዳዩ የሚያርፈው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው፣ እነሱ ደግሞ በፈቃድ እድሳትና በዋጋ ቁጥጥር ተወጥረዋል። ቢሆንም ሂድ። ማመልከቻህን በሁለት ኮፒ ጽፈህ አስገባ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማህተምና ቀን አስመታ። ደረሰኝ ካልሰጠህም በቴሌብር ከከፈልክ የክፍያ መልእክቱን አትሰርዝ።

«መንግሥት ሕጉን የሚያዘገየው ሆን ብሎ ነው» ለምትሉ ደግሞ፣ ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። አክሲዮን የሚሸጥበትንና የሚገዛበትን ገበያ የሚመለከተውን የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013ን እዩት። የአክሲዮን ገበያው በይፋ የተከፈተው ጥር 2017 ነው። ተቆጣጣሪ፣ መመሪያ፣ ፈቃድ ያለው ደላላ፣ ሲስተም ሳይኖር ገበያ አይከፈትም። ምክር ቤት ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ እንዲፈርም ሕገ መንግሥቱ ያዛል፣ ካልፈረመም ሥራ ላይ ይውላል። የሚረዝመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሌላ ጊዜ እንዳትሞኝ አዋጁን ራስህ ግለጠው። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የመጨረሻው አንቀጽ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና ይናገራል። የክልሉ ሕግ ከሆነ የክልሉ ሕግ በሚታተምበት ጋዜጣ፣ ዝክረ ሕግ ላይ ፈልግ። ቀጥለህ የአንተን ጉዳይ የያዘውን አንቀጽ አንብብ። «በመመሪያ ይወሰናል» ካለ የባለሥልጣኑ መልስ እውነት ሊሆን ይችላል። ካላለ ሰበብ ነው። «መመሪያው ይከለክላል» የሚልህ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት መመሪያ መመዝገብና በድረ ገጽ መውጣት አለበት። ቁጥር ስትጠይቅ ድምፃቸው ሲለወጥ ታያለህ።

አሁን ግን የፓምፑን አስቀድም። 15 ቀኑ ካላለፈ ነገ ጠዋት ማርቆስ ውረድ። ሻጩ ጋ ሰው ይዘህ ግባና ጥያቄህን በጽሑፍ ስጠው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ እለፍ። ፓምፑን ራስህ እንዳትፈታው ብቻ፤ «ነካክቶታል» ይሉሃል።