ሻለቃን ይጠይቁ፦ «ፑሽ አፕ እሠራለሁ፣ ሒሳቡ ግን ያስፈራኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሻለቃ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሐሳቤ እጩ መኮንን ሆኜ መሠልጠን ነው። ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር እሮጣለሁ፣ ፑሽ አፕም እሠራለሁ። ሒሳብ ላይ ግን ደካማ ነኝ። ለየትኛው ልትጋ? እናቴም በጣም ፈርታለች።

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱን ነጣጥለሽ አትያዣቸው። ፑሽ አፕ የሚሠራ ወጣት ሞልቷል። አቀበት ወጥቶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ካርታ ዘርግቶ በትክክል የሚያሰላ ግን ጥቂት ነው። ሠልጣኞች ሲቸገሩ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡ እንደምትፈሪው አይደለም። በ1:50,000 ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። 7 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3.5 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብትራመጂ 42 ደቂቃ ይፈጅብሻል። ኮንቱር የሚባሉት የከፍታ መስመሮች በ20 ሜትር ልዩነት ከተሰመሩ፣ አምስቱን ሽቅብ ስታልፊ 100 ሜትር ወጣሽ። ለእሱ 10 ደቂቃ ጨምሪ። 52 ደቂቃ ሆነ። ከኋላሽ የሚከተሉሽን ሰዎች መቼ እንደምታደርሺ የምታውቂው በዚህ ነው። ይህ ሁሉ ሬሾ፣ ክፍልፋይና ማዕዘን ነው። ከ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ብትጀምሪም አያሳፍርም።

ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞችሽ ጋር ታቦር ተራራ ውጪ። ብቻሽን እንዳትሄጂ። ቦርሳሽ ውስጥ መጀመሪያ 5 ሊትር ያህል ውሃ ያዢ። ጫፍ ላይ የማትጠጪውን ድፊው፤ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበትሽን ያተርፍልሻል። እንደደረስሽ፣ ሳታርፊ፣ ደብተርሽን አውጪና ሦስት የካርታ ጥያቄ ሥሪ። መጀመሪያ ትሳሳቻለሽ። ቀጥዪበት።

ክብደትና ርቀት ባንድ ሳምንት አትጨምሪ። አንዱን ብቻ። ቅልጥምሽን ካመመሽ አቁሚ። «ይለፍልኛል» ብሎ መሮጥ አጥንት እስከ መሰንጠቅ ያደርሳል። አዲስ ጫማ ደግሞ ቤት ውስጥ አለማምጂው፤ እግርሽ ውሃ ቋጥሮ ሳምንቱን ሙሉ እንዳታነክሺ።

ሐይቁ ዳር መሮጥሽን ወድጄዋለሁ። ውስጡ ግን አትዋኚ፤ ጉማሬም ቢልሃርዝያም አለበት። ምናልባት ለሥልጠና ሆለታ ብትመደቢ፣ ከሐዋሳ በ700 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ያጥርሻል፤ አትደንግጪ።

አንድ ነገር አደራ፦ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደም ማነስ ምርመራ አድርጊ። ደም ያነሳት ልጅ ቶሎ ትደክማለች፤ ሰውም ሰነፍ ይላታል። ስንቷ ጎበዝ በዚህ ተስፋ ቆርጣ ትቀራለች!

የዕድሜው፣ የቁመቱና የውጤቱ መስፈርት ከማስታወቂያው ጋር ይወጣል። ከሰው አፍ አትስሚ፣ ራስሽ አንብቢ።

ስለ እናትሽ፦ አትከራከሪያት። ሙያው አደጋ አለው፣ ፍርሃቷም እውነት ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ አብራችሁ አንብቡት። የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነ ሳታውቁ እንዳትፈርሚ። እሷም የምትጠይቀኝ ካላት ትጻፍልኝ፣ እመልስላታለሁ።