እናትየዋን ከማረድህ በፊት ሳጥኑን እየው

የአንድ አንባቢ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ለሥጋ ብዬ በጓሮዬ ጥንቸል ማርባት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንዷ ነጭ የኒውዚላንድ ዝርያ እናት ጥንቸል ግን አስመርራኛለች። ሁለት ጊዜ ወለደች፤ መጀመሪያ 7፣ ቀጥሎ 8። ሁለቱንም ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ አለቁ። ጠዋት ስመጣ ሽቦው ላይ ተበታትነው፣ ቀዝቅዘው አገኛቸዋለሁ። ሁለቱ ጆሯቸውና እግራቸው ተበልቷል። አንዱ ምንም ቁስል የለውም፤ ሆዱ ብቻ ነጭ ሆኖ ተወጥሯል፤ በሽታ ይሆን? ቀን ቀን አጠገባቸው ዝር አትልም። የመውለጃ ሳጥን አላት፤ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እንዳትቸገር ፊቱን ዝቅ አድርጌዋለሁ። ከወንዱ ጋር ካገናኘኋት ቀን ጀምሮ ነው ያስገባሁላት። ውሃው እንዳይደፋባቸው ማታ ማታ አነሳዋለሁ። ሌሊትም እየተነሳሁ በባትሪ አያቸዋለሁ። ልጇን የምትበላ ናትና ልረዳት? ካላረድኳት ደግሞ መቼ ላገናኛት?»

ወንድሜ፣ ቢላዋውን ለጊዜው አስቀምጠው። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን አንተው ራስህ ጽፈኸዋል፤ ልብ አላልከውም እንጂ። በሽታ ይሆን ብለህ ያለፍከው ያ ሆዱ ነጭ የነበረው ግልገል ነው ነገሩን የሚፈታው።

የጥንቸል ልጅ ሲወለድ ፀጉር የለውም፤ ዓይኑም አልተገለጠም። ቆዳው ስስ ነው። ከጠባ በኋላ ገልበጥ ብታደርገው ወተቱ በሆዱ ቆዳ በኩል ነጭ ሆኖ ይታይሃል። ያልጠባው ደግሞ ቆዳው እንደ ሽማግሌ ፊት ተጨማዶ፣ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ ታገኘዋለህ። እንግዲህ ያንተ ግልገል የሞተው ጠግቦ ነው። እናቱ አጥብታዋለች። ልጇን ልትበላ የተነሳች እናት እስኪጠግብ ድረስ አታጠባውም።

ታዲያ የጠገበ ልጅ፣ ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ሽቦው ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?

አልወጣም፤ ተጎትቶ ነው። ጥንቸል እንደ ውሻ ወይም እንደ ድመት ከልጆቿ ጋር ተኝታ አታጠባም። ሳጥኑ ውስጥ ትገባለች፣ ከላያቸው ትቆማለች፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ታጠባለች፣ ከዚያ ዘላ ትወጣለች። ስትወጣ ጡቱን አልለቅም ያለ ልጅ ካለ አብሯት ይንጠለጠላል። ሳጥኑ ከፍ ያለ ደፍ ካለው ልጁ ደፉ ላይ ይጋጭና ተመልሶ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ያንተ ሳጥን ግን ደፍ የለውም። ልጁ እስከ ሽቦው ይጎተትና እዚያ ይለቃል። ድመት ብትሆን አንገቱን ይዛ ትመልሰው ነበር። ጥንቸል ይህን አታውቅበትም። ልጇ አጠገቧ ብርድ እየገደለው እንኳ አንስታ አትመልሰውም። ክፋት አይደለም። ዱር ያሉት ዘመዶቿ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚወልዱት፤ እዚያ ልጅ የሚወድቅበት ቦታ ስለሌለ ማንሳትንም አልተማሩ።

ቀን ቀን ዝር አለማለቷም አያስደንቅህ። የምታጠባው በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ። ዱር ውስጥ ጎጆዋ ላይ ብትመላለስ ለቀበሮ መንገድ ማሳየት ነው። ስለዚህ አጠባች አላጠባች የሚለውን እሷን እያየህ አትፍረድ። የልጆቹን ሆድ እይ።

ጆሯቸውና እግራቸው የተበሉትስ? ጥንቸል ስትወልድ እትብቱን በጥርሷ ትቆርጣለች፤ እንግዴ ልጁንም ትበላለች። ጎጆዋን ማጽዳቷ ነው። ቀዝቅዞ የሞተ ልጅ ሲያጋጥማትም እንዲሁ ልታደርግ ትችላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ደግሞ አንዳንዴ ማጽዳቱን ታበዛውና ጆሮና እግር ጭምር ትቆርጣለች። በሕይወት ያለ ልጅ የምትበላ እናት የለችም አልልህም፤ አለች። ግን እንዲያ የምታደርገው ብዙ ጊዜ ስትጠማ፣ ስትራብ ወይም ስትደናገጥ ነው። ከሦስቱ ሁለቱን አንተ አድርገህባታል፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሳጥኑ። 60 በ60 ለአንዲት ጥንቸል ሳሎን ነው። ልጆቹ በአንድ ጥግ ተቆልለው እርስ በርስ መሞቅ ሲገባቸው አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይበታተናል። የተበተነ ደግሞ ይበርደዋል። ለኒውዚላንድ ዝርያ 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድ፣ 30 ቁመት ይበቃል። እናትየዋ ገብታ መዞር ከቻለች በቂ ነው። ጠበባት ብለህ አትዘን፤ ውስጡ የምትቆየው ለደቂቃዎች ነው። የፊቱን ደፍ 15 ሴንቲ ሜትር አድርገው። እሷ ያለ ችግር ትዘለዋለች፤ ልጆቹ ግን ዓይናቸው ተገልጦ እግራቸው እስኪጸና ድረስ አያልፉትም። ዓይናቸው የሚገለጠው ከ10 እስከ 12 ባለው ቀን ነው። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው እየዘለሉ ይወጣሉ፤ ያኔ ደፉ ሥራውን ጨርሷል።

ያልተቀባ ጣውላ ተጠቀም። ቀለም ከቀባኸው ትግጠዋለች። ወለሉ ላይ ሽንት እንዳይጠራቀም አምስት ስድስት ቦታ የእርሳስ ውፍረት ያህል ብሳው። ጣሪያውን ከኋላ በኩል እስከ ግማሽ ሸፍነው፤ ጨለም ያለ ቦታ ትወዳለች። የተሻለ የምትፈልግ ከሆነ ሳጥኑ ከሽቦው ወለል በታች ወርዶ እንዲቀመጥ አድርገህ መሥራት ትችላለህ። ያኔ ሽቦው ላይ የቀረ ልጅ እየተንፏቀቀ መልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ለጀማሪ ግን ደፍ ያለው ሳጥን ይበቃዋል።

ምንጣፉ ላይ አትሰስት። ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ሰጋቱራ ነስንስ፤ እንደ ዱቄት የላመውን ሳይሆን ሻካራውን። ከዚያ ሳጥኑን እስከ አፉ ድረስ በለስላሳ ድርቆሽ ሙላው። ሙላው ስልህ ጠቅጥቀው ማለቴ ነው። ከኋላ በኩል ጡጫህን አስገብተህ ዋሻ አብጅላት። የቀረውን እሷ ትጨርሰዋለች፤ ከሆዷ ፀጉሯን እየነጨች ታለብሰዋለች። የጥጥ ባዝቶ እና ክር ግን አታስገባ። የልጆቹ እግር ላይ ይጠመጠምና ደም ያግዳል።

ሁለተኛው ስህተትህ ቀኑ ነው። ሳጥኑን ከተገናኘች ቀን ጀምሮ አስገብተህላታል። ጥንቸል ንጹሕ እንስሳ ናት፤ ጥግ መርጣ ነው የምትጸዳዳው። አንተ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ጥግ ያለው ቤት ሠርተህ ሰጠሃት። በወሩ መጨረሻ መውለጃ ያልከው ነገር ሽንት ቤት ሆኗል። እርጥብ ምንጣፍ ላይ የተወለደ ራቁት ልጅ ሌሊቱን አይዘልቅም። እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ነው፤ ከ28 እስከ 32 ሊሆን ይችላል። ሳጥኑን በ28ኛው ቀን አስገባ። ድርቆሽ በአፏ ይዛ ስትመላለስ ካየህ ቀኑ ደርሷል ማለት ነው። ካስገባህ በኋላም ከመውለዷ በፊት ካጨቀየችው ጠርገህ ምንጣፉን ቀይረው።

ውሃው ደግሞ አሳዘነኝ። ለልጆቹ ብለህ ነው ያነሳኸው፤ ይገባኛል። ነገር ግን እየወለደች ያለች እናት ክፉኛ ይጠማታል። የምታጠባ ጥንቸል በቀን አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ውሃ ከሌለ ወተትም የለም። የሚደፋ ከሆነ ከባድ የሸክላ ገበቴ ወይም በሽቦው ላይ የሚታሰር ጠርሙስ ተጠቀም እንጂ ማታ ውሃ አትከልክላት። ምግቧንም ከወለደች በኋላ ቀስ በቀስ እያሳደግህ ሂድ፤ ድርቆሹ ግን ቀንም ሌሊትም አይለያት።

ባትሪውስ? ሌሊት ድንገት ብርሃን ሲበራባት ትደነግጣለች። የደነገጠች ጥንቸል ወደ ሳጥኗ ትገባለች ወይም የኋላ እግሯን ትደልቃለች። ከእግሯ ሥር ያለው ልጅ ይጨፈለቃል። በምትወልድበት ሳምንት ውሻውንም ድመቱንም ከአካባቢው አርቅ። አይጥ ካለ ደግሞ ወለሉንና ግድግዳውን በጠባብ ሽቦ ዝጋ። አይጥ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። ቁጥራቸው ጎድሎ ሬሳ ካላገኘህ እናትየዋን ሳይሆን አይጥን ጠርጥር።

ይህን ስል ግን ጭራሽ አትንካቸው ማለቴ አይደለም። ሰው የነካውን ልጅ እናቱ ትጥላለች የሚል ወሬ አለ። ለቤት ጥንቸል አይሠራም። እንደወለደች፣ ጠዋት ላይ፣ አረንጓዴ ቅጠል ስጣትና እሱን ስትበላ ሳጥኑን ቀስ ብለህ አውጣው። እጅህን ቀድመህ ጀርባዋ ላይ አሸት አሸት ብታደርግ አይከፋም። ፀጉሩን ገለጥ አድርግ፤ ቁጠራቸው፤ የሞተና እንግዴ ልጅ ካለ አስወግድ፤ ሆዳቸውን እይ፤ መልሰህ ሸፍናቸው። በየቀኑ አንዴ እንዲህ አድርግ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅብህም።

ሽቦ ላይ የቀዘቀዘ ልጅ ካገኘህም ሞቷል ብለህ ቶሎ አትጣለው። እኔ ሥራውን ስጀምር ስንቱን እንደጣልኩ ሳስበው ይቆጨኛል። አንድ ቀን ጠዋት አንዱን እንደ ድንጋይ ደርቆ አገኘሁት። ለመጣል ሳነሳው መንጋጋው ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ለብ ያለ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አድርጌ አንገቱን ከውሃው በላይ በሁለት ጣቴ ይዤ ነከርኩት። ቆየት ብሎ አፉን ከፈተ፤ ቆየት ብሎ አንድ እግሩን ዘረጋ። ከዚያ እንደ ትል ይጠማዘዝ ጀመር። በጨርቅ አድርቄ ወንድሞቹ መሃል ቀበርኩት። ያ ልጅ ከሌሎቹ እኩል አደገ። ውሃው ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ይሁን፤ ክንድህን ስትነክርበት የማያቃጥል፣ የማይበርድም። ውሃ ማሞቅ ካልቻልክ ሸሚዝህ ውስጥ፣ ሆድህ ላይ አድርገው። ሞቆ ካልተነሳ ያኔ ሞቷል በል።

ልረዳት ወይ ላልከው፦ እኔ ብሆን አላርዳትም። እስካሁን በደለችህ የምትለው ባንተ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ተስተካክሎ፣ ምንጣፉ ደርቆ፣ ውሃዋ ሳይጓደል ሦስተኛውንም ካጠፋች፣ ወይም ፀጉሯን ሳትነጭ ሽቦው ላይ ከወለደች፣ ያኔ ድስቱ ውስጥ ትግባ። እኔም አልከራከርላትም። ልጆቿንም ለዘር አታስቀር።

መቼ ላገናኛት ላልከው ደግሞ ልጆቿ ስላለቁ ወዲያው ልትቀበል ትችላለች። አንተ ግን አትቸኩል። ጀርባዋን ዳብስ፤ የአከርካሪዋ አጥንት ሹል ሆኖ ከቆረቆረህ ሥጋ እስክታወጣ ጠብቃት። ሁለት ሳምንት ጥሩ መኖ በልታ ጀርባዋ ሞላ ካለ ይበቃል። ስታገናኛት እሷን ወደ ወንዱ ቤት ውሰዳት እንጂ እሱን ወደ እሷ አታምጣው፤ በገዛ ቤቷ ትደበድበዋለች።

ሌላ እናት ጥንቸል ካለችህ ሁለቱን በአንድ ቀን አገናኛቸው። አንዷ 10 ወልዳ ሌላዋ 4 ብትወልድ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ታዛውራለህ። በልጆቹ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ከሦስት ቀን ካልበለጠ አብዛኞቹ እናቶች የሌላውን ልጅ ያለ ጭቅጭቅ ይቀበላሉ። የጡት ጫፋቸው ከ8 እስከ 10 ነውና ከዚያ በላይ አታሸክማቸው።

ሳጥኑን ሠርተህ ሳትጨርስ ግን ወደ ወንዱ እንዳትወስዳት። ያገናኘህበትንም ቀን በካርቶን ጽፈህ በሯ ላይ አንጠልጥለውና 28 ቁጠር።