የሌሊት ፈረቃና አዩርቬዳ፦ የትኛውን ልያዝ፣ የትኛውን ልተው?

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል በሳምንት አምስት ሌሊት እሠራለሁ። በሐበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ 14 ወር ሆኖኛል፤ 6 ኪሎ ጨምሬአለሁ፣ ሆዴ ይደርቃል፣ ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ቀን ላይ ከ4 ሰዓት በላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። የታይሮይድ ማነስ ስላለብኝ ሌቮታይሮክሲን እወስዳለሁ፤ ኪኒኑን የምውጠው ጠዋት ከሥራ ስወጣ ከካራክ ሻይ ጋር ነው። አብራኝ የምትሠራ ሕንዳዊት በአዩርቬዳ (በሕንድ ባህላዊ ሕክምና) ቀን መተኛት ክልክል ነው አለችኝና አሽዋጋንዳ የሚባል እንክብልና ስም ያልተጻፈበት ዱቄት ሰጠችኝ። ልቀጥል?

መልስ፦ እንክብሉንም ዱቄቱንም ዛሬውኑ ያቁሙ። ምክንያቱን ከታች እነግርዎታለሁ። በቅድሚያ ግን የሻዩ ነገር ይስተካከል፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነውና።

ካራክ ወተት የበዛበት ሻይ ነው። የወተት ካልሲየም ሌቮታይሮክሲን ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ ቡናም፣ የብረትና የካልሲየም ኪኒንም እንደዚሁ ያደርጋሉ። መድኃኒቱ በየቀኑ እየተዋጠ ሰውነት ግን በቂውን ካላገኘ ደግሞ ክብደት ይጨምራል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ድካም ይበዛል። እርስዎ የዘረዘሩት ይኸው ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የፈረቃው ላይሆን ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ኪኒኑን ከቀን እንቅልፍ ሲነቁ፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይውሰዱ። ከዚያ ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ምንም አይብሉ፣ ቡናም አይጠጡ። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ በ4 ሰዓት ያራርቁት።

አሁን ወደ አዩርቬዳው። ባልደረባዎ የነገረችዎት ግማሹ እውነት ነው። የአዩርቬዳ ጥንታዊ መጻሕፍት ጤናማ ሰው ያለ ምክንያት ቀን ቢተኛ ካፋ የሚሉት ከባድና እርጥብ ባሕርይ ይበዛበታል ይላሉ። ነገር ግን ሌሊት ነቅቶ ያደረን ሰው፣ ሕፃንን፣ አረጋዊንና በበሽታ የደከመን በስም ጠቅሰው ከክልከላው አውጥተዋቸዋል። እንደ መጻሕፍቱ አባባል ሌሊት መንቃት ሰውነትን ያደርቃል፣ ቫታን ያስነሣል፤ ቫታ የሚሉት የእንቅስቃሴና የድርቀት ባሕርይ ነው። የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ ጭንቀትና የተቆራረጠ እንቅልፍ የእሱ ምልክቶች ናቸው። አሽታንጋ ሕሪዳያ የተባለው መጽሐፍማ ሌሊት መንቃት ያልለመደ ሰው ነቅቶ ካደረ፣ የነቃበትን ጊዜ ግማሽ ጠዋት ላይ ሳይበላ ይተኛ ብሎ መጠኑን ጭምር ያስቀምጣል። እንግዲህ ክልክል የተባለው እርስዎን አይመለከትም።

«ሳይበላ» የሚለው ቃል ለእርስዎ ትልቅ ጥቅም አለው። ሌሊት ላይ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ ስለማይሠራ ያው አንድ ሰሐን ሩዝ ቀን ከሚያደርገው በላይ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። በልቶ ወዲያው መጋደም ደግሞ የጨጓራ አሲድን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ደረትዎን የሚያቃጥለው ምናልባት ይኸው ነው። ግማሽ ሌሊት መተኛት ግን አልፎ አልፎ ለሚያመሽ እንጂ በሳምንት አምስት ሌሊት ለሚሠራ አይበቃም። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ስላለበት እንቅልፉን ለሁለት ይክፈሉት።

ከሥራ ሲወጡ ጥቁር መነጽር ያድርጉ፤ የጠዋት ብርሃን አንጎልን «ነጋ» ብሎ ይቀሰቅሰዋል። ከ2፡30 እስከ 7፡30 ይተኙ። መስኮቱ ጭላንጭል በማያስገባ ወፍራም መጋረጃ ይሸፈን፣ ክፍሉም ቀዝቀዝ ይበል። ኪኒንዎን ሲነቁ ይውጡና 8፡30 ላይ ዋናውን ምግብ ይብሉ። አዩርቬዳ ትልቁ ማዕድ እኩለ ቀን ላይ ይሁን የሚለው አግኒ፣ የምግብ መፍጫው እሳት፣ ያኔ ይበረታል ብሎ ነው፤ ከእርስዎ ሰዓት ጋር አይጣላም። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ያዘግዩት። ምሽት 12፡30 ላይ ቀለል ያለ እራት ይበቃል። ከዚያ ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ሁለተኛውን እንቅልፍ ይተኙ። የሚበዛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ፈረቃውን የሚያቀልለውም ይኸው ነው። በእረፍት ቀንዎ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌሊት እንቅልፍ ከመመለስ ይልቅ ከጠዋቱ እንቅልፍ የመጨረሻዎቹን 3 ወይም 4 ሰዓታት እንደ ሥራ ቀንዎ ይተኙ፤ አለበለዚያ ሰውነትዎ በየሳምንቱ አገር እንደቀየረ መንገደኛ ይሆናል።

ሥራ ላይ ሲርብዎ የሆቴሉን ጥብስና ኬክ ትተው ኪቸሪ ይያዙ። ሕንዶች ሆድ ሲደክም የሚበሉት ነው፤ ማሾ ካለ ለመሥራትም ቀላል ነው። ግማሽ ስኒ ሩዝና ሩብ ስኒ የተከካ ማሾ በደንብ ይጠቡ። በ1 የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ (በጾም በዘይት) ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን እስኪሸት ያቁላሉ፤ ከጠቆረ ይመርራልና አዲስ ይጀምሩ። ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ትንሽ የተፈጨ ዝንጅብልና ጨው ጨምረው እህሉን በ4 ስኒ ውኃ ለ35 ደቂቃ ያህል ይቀቅሉ። እንደ ቀጭን ገንፎ መሆን አለበት፤ ውኃው ካነሰ ሩዙ ይደርቅና ሆድ ላይ ይከብዳል። ይህ ለሁለት ሌሊት ይሆናል፤ የተረፈውን ወዲያው ማቀዝቀዣ ያስገቡት። አንድ ስኒ ያህሉን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ይብሉ። ወደ 11 ሰዓት ቢርብዎ አንድ ሙዝ ይበቃል።

ቡናውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ይተዉት። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ሰዓት ይፈጃል። የሰውነት ሙቀት በጣም የሚወርደው ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ ዓይን የሚከደነውም ብርድ ብርድ የሚለውም ለዚህ ነው። ያኔ ደማቅ መብራት ያለበት ቦታ ይሂዱ፣ ደረጃ ይውጡ፣ ከተፈቀደ 20 ደቂቃ ያሸልቡ።

ከአዩርቬዳ ሁሉ ደስ ብሎኝ የምመክረው እግርን በሰሊጥ ዘይት ማሸት ነው። ያልተቆላ ሰሊጥ ዘይት 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጠርሙሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ለብ ያድርጉት እንጂ እሳት ላይ አይጣዱት። እያንዳንዱን እግር 5 ደቂቃ ይሹ፣ ይጥረጉ፣ ካልሲ ያድርጉ። እግር ሲሞቅ የቆዳ ደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ የውስጥ ሙቀት ይወጣል፣ እንቅልፍም ቶሎ ይመጣል። ዘይት ባለበት እግር ግን መታጠቢያ ቤት አይግቡ፣ ያንሸራትታል። በአዩርቬዳ ለእንቅልፍ የሚጠጣውን፣ ገውዝ የተነሰነሰበትን ሞቅ ያለ ወተት ግን ደረትዎ እያቃጠለ አልመክርዎትም። ሌላውም ሰው ቢጠጣው ገውዙ ከቁንጥጫ አይለፍ፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ልብን ያስመታል፣ ያስታውካል፣ ያቃዣል።

አሽዋጋንዳ እኛ ግዛዋ የምንለው ተክል ነው። በጥናቶች እንቅልፍን በመጠኑ ሲያሻሽል ታይቷል። ነገር ግን የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ከእርስዎ መድኃኒት ጋር መጠኑን ያዛባል፤ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም አሉ፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አይሆንም። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ሰውነትዎን ካሳከከዎ በዚያው ቀን ይመርመሩ።

ዱቄቱ ከእንክብሉ ይበልጥ ያሰጋኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። አንዳንዱ ብረት በስህተት የገባ ሳይሆን ባስማ ተብሎ ሆን ተብሎ ተቃጥሎ የሚጨመር ነው። የእርሳስ መመረዝ ደግሞ የሆድ ድርቀትና ቁርጠት ያመጣል። ድርቀቱ ዱቄቱን ከጀመሩ ወዲህ ብሶ ከሆነ የደም እርሳስ ምርመራ ይጠይቁ።

ክሊኒክ ሲሄዱ ዱቄቱንም የእንክብሉን ጠርሙስም ይዘው ይሂዱ። በዚህ ሳምንት የጉበት፣ የደም ማነስና የቲ ኤስ ኤች (የታይሮይድን ሥራ የሚያሳይ የደም) ምርመራ ይደረግልዎ። ኪኒኑን በውኃ ብቻ መውሰድ ከጀመሩ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲ ኤስ ኤች ይደገም፤ መድኃኒቱ በደንብ መስረግ ሲጀምር የቀድሞው መጠን ሊበዛብዎ ይችላልና። ከዚያ በፊት ልብዎ ከመታ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ላብ ካጠመቀዎ ቀጠሮውን አይጠብቁ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደረትዎ እንደመጨምደድ አድርጎ ወደ ክንድ ከተሰማዎ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።