ከመውደቋ በፊት የታየው ምልክት ምን ይጠቁማል?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት እኅቴ የሚጥል በሽታ አለባት ተብላ ደብረ ብርሃን ሄዳ መድኃኒት ጀምራለች። ሊነሣባት ሲል «ከሆዴ አንድ ነገር ሽቅብ ወጣብኝ» ትልና ወዲያው ትፈዛለች፤ ከንፈሯን ትመጠምጣለች፣ በግራ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ትፈትላለች፣ ቀኝ እጇ ግን ተጣምሞ ይደርቃል። አንዳንዴ በዚሁ ያልፍላታል፣ አንዳንዴ ትወድቃለች። ስትነቃም ለጥቂት ደቂቃ እናታችንን እያየች መጥራት ያቅታታል። ሐኪሙ ይህን ደጋግሞ ጠየቀን፤ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራው ግን ምንም አላሳየም። በሽታው የለባትም ማለት ነው?
(ከመንዝ)

መልስ፦ አይደለም። ምርመራው የሚመዘግበው በዚያች አጭር ሰዓት የነበረውን ብቻ ስለሆነ፣ በሽታው ባለበት ሰው ላይም ጤናማ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። በሽታውን ለመለየት ዋናው መሠረት ሲነሣባት ያየ ሰው ምስክርነት ነው፤ የእርስዎ ምስክርነት ደግሞ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ከሆድ ሽቅብ የሚወጣ ስሜት፣ መፍዘዝና ከንፈር መምጠጥ ተከታትለው ሲመጡ፣ መነሻው ብዙ ጊዜ ከጆሮ በላይ በጎን በኩል ያለው፣ ቴምፖራል የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ግራና ቀኙን የሚለዩት እጆቿ ናቸው፦ የአንጎል ግራ ጎን ቀኝ አካልን ስለሚያዝ፣ የቀኝ እጇ መጣመም ግራውን ያመለክታል፤ ነጠላ የሚፈትለው እጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ባለበት ጎን ያለው ነው። በአብዛኛው ሰው ቋንቋን የሚመራው ግራው ጎን በመሆኑ፣ ንግግር ማጣቷም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ያም ሆኖ መነሻው ምልክት ከማያሳይ ቦታ ሆኖ ወደዚያ ሊዛመት ስለሚችል፣ የሚቻል ከሆነ የአንጎልን ምስል የሚያነሣው የኤምአርአይ ምርመራ ጠባሳ ወይም ዕጢ መኖሩን ለማየት ይጠቅማል።

የበሽታውን ዓይነት መለየት ለመድኃኒት ምርጫም ወሳኝ ነው። ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ ምንም እንዳልሆነ ጨዋታውን የሚቀጥል ሕፃን ሌላ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ለእኅትዎ ዓይነት የሚረዳው ካርባማዜፒን ደግሞ ያንን ሊያባብሰው ይችላል።

በአካባቢያችን ሰው ሲወድቅ ክብሪት ለኩሶ ለማሽተት መሯሯጥ የተለመደ ነው፤ ክብሪቱ ግን አይጠቅምም፣ ሊያቃጥልም ይችላል፣ ዋነኞቹ የመጀመሪያ ሰከንዶችም ሳይታዩ ያልፋሉ። ይልቅ ከምድጃው አርቀው በጎኗ ያስተኟት፤ አፏ ውስጥ ምንም አይክተቱ። ሌላ ሰው ፊቷንና ሁለቱንም እጆቿን ሳይሸፍን በስልክ ይቅረጽ፣ ሰዓትም ይያዝ፤ መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግድ ነው። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቪዲዮውን ለሐኪሙ ያሳዩት።