ፋየር ፕሌሱ ሳሎን ካጨሰ ቺምኒውን ከማፍረስሽ በፊት ሜትር አውጪ

ሰላም እህቴ፣ የጻፍሽልኝን አየሁት። ሲኤምሲ ያለ ቪላ፣ ፋየር ፕሌሱ ከተሰራ ጀምሮ እሳት ሲነድበት የጭሱ ግማሽ ሳሎን ነው ሚገባው፣ መጋረጃው ጠቁሯል፣ ግንበኛው ደግሞ ቺምኒው አጭር ነው አፍርሰን ሁለት ሜትር እንጨምርበት አለሽ። ቆይ፣ ምንም አታፍርሺ።

ችግሩ ራስሽ በላክሽው ልክ ውስጥ አለ። የእሳቱ አፍ 1 ሜትር በ80 ሳንቲ፣ የጭስ መውጫው ውስጡ 25 በ25 ነው ብለሻል፣ ስናባዛው አፉ 8,000 ካሬ ሳንቲ ሆኖ መውጫው 625 ብቻ ነው። መውጫው ቢያንስ ያፉን አንድ አስረኛ መሆን አለበት፣ ያንቺ 800 ይፈልግ ነበር ማለት ነው። በዛ ላይ አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ጭሱን ወደ ላይ ሚስበው ጉልበት ደከም ይላል፣ ስለዚ የውጪ ዲዛይን ከኢንተርኔት አውርደው እንዳለ ሲገነቡት እዚህ ያጨሳል። ሰዉ ደግሞ ሰፊ አፍ ይወዳል፣ ለፎቶ ያምራላ።

አፉ ትልቅ መሆኑን እንዲህ ፈትሺው። ትንሽ እሳት አንድጂና ጭሱ መመለስ ሲጀምር አንድ ሰው ወፍራም ጓንት አድርጎ ላሜራ ካፉ የላይኛው ጠርዝ ጋር አስጠግቶ ይያዝ፣ ቀስ እያለ ወደታች ያውርደው፣ ጭሱ ቀጥ ያለበት ጋ በጠመኔ ምልክት አድርጊ። የኔ ግምት 20 እና 25 ሳንቲ መሀል ላይ ይቆማል። ካቆመ በቃ፣ ያንን ልክ ብየዳ ቤት ወስደሽ አሰርተሽ ታስገጥሚዋለሽ፣ ማፍረስ የለ ምን የለ።

ካላቆመ ግን ውስጡን እይ። እሳቱ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ስልክሽን ቪዲዮ ላይ አድርገሽ ፍላሹን አብርተሽ ወደ ላይ ቅረጪ። አንድ ቤት ጠርተውኝ ሄጄ እንደዚህ ሳይ ከላይ ጥግ ላይ ግራጫ ነገር ተወትፏል፣ በብረት ስስበው ምን ቢወጣ ጥሩ ነው፣ የሲሚንቶ ከረጢት! ሲገነቡ ዝናብ እንዳይገባ ጠቅጥቀውት ረስተውት ሄደዋል፣ ሰዎቹ ሁለት ክረምት ሙሉ እንጨቱን ሲረግሙ ከርመዋል።

መስኮቶቹ አልሙኒየም ከሆኑ ደግሞ ቤቱ ጥርቅም ነው፣ እሳቱ አየር ከየት ያምጣ? ሳሎን ያለውን መስኮት አራት ጣት ያህል ከፍተሽ ሞክሪ፣ ኪችን ያለውን የጭስ መሳቢያ ፋንም አጥፊው፣ እሱ አየሩን ሲጎትት ቺምኒው ተገልብጦ ወደ ታች ይነፍሳል።

ቁመቱን በተመለከተ ቺምኒው ከጣሪያው 1 ሜትር ከ20 ወጥቷል ብለሻል። ጣሪያውን ቀዶ ካለፈበት ቦታ 90 ሳንቲ፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሳንቲ ከበለጠ ይበቃል፣ የጣሪያሽ ጫፍ ወይ የጎረቤት ግድግዳ ካልቀረበው በቀር ቁመቱ ላይ ችግር አይታየኝም።

እንጨቱ ባህር ዛፍ ነው አይደል? እርጥቡን ከመኪና ላይ እንደወረደ አታንድጂው፣ ጥቀርሻው ቺምኒው ውስጥ ተጋግሮ አንድ ቀን ራሱ ይነዳል። ሁለቱን ስታጋጪያቸው ቀጭ ካለ ደረቅ ነው፣ ዱብ ካለ ገና ነው። ጥቀርሻው 3 ሚሊ ከደረሰ አስጠርጊ። እና አደራ፣ ጭሱ በዛ ብለሽ በእንጨቱ ፋንታ ከሰል እንዳታደርጊበት፣ ጭስ ሚመልስ ቺምኒ የከሰሉንም መርዝ ይመልሳል፣ እሱ ደግሞ አይታይም አይሸትም፣ ተኝታችሁ ነው ሚገላችሁ።

ጣሪያ ላይ ሰው ስታወጪ አንድ ነገር አስለኪልኝ፣ ከላይ ለዝናብ የተከደነው ሰሌዳ ከቺምኒው አፍ ስንት ሳንቲ ይርቃል? በጣም ከቀረበ ጭሱን እሱም ያፍነዋል፣ 10 ምናምን ካለሽ ላሜራውን ሳታሰሪ በፊት ፎቶ ላኪልኝ።