«ጠቅላላ 8 ጂቢ ግራፊክስ» የተባለውን ላፕቶፕ ልግዛ?

«ጋሼ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ዘንድሮ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ የመጀመሪያዬን ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ቀን ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራምና ኤክሴል እሠራበታለሁ፤ ማታ ማታ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 እና ጂቲኤ 5 መጫወት እፈልጋለሁ። ሁለት ያገለገሉ አሳይተውኛል። አንዱ ኤችፒ ኤሊትቡክ ነው፤ ኮር አይ7፣ 7ኛ ጄኔሬሽን፣ 16 ጂቢ ራም፣ ‹ጠቅላላ 8 ጂቢ ግራፊክስ›። ሌላው ዴል ጂ3 ነው፤ ኮር አይ5፣ 9ኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጂቢ ራም፣ ጂቲኤክስ 1650 ባለ 4 ጂቢ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሻጩ ‹አይ7 ከአይ5 ይበልጣል፣ 8ም ከ4 ይበልጣል› ብሎ ኤሊትቡኩን ውሰድ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ዴሉን ውሰድ። ግን ዛሬ እንዳትከፍል። መጀመሪያ ሻጩ የነገረህን ሁለቱን ቁጥሮች እንፍታቸው፤ ያጠራቀሙትን ደመወዝ ከፍለው በማግሥቱ «ጌም ይቆራረጥብኛል» እያሉ ወደኔ የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው።

ያ 8 ጂቢ ግራፊክስ ኤሊትቡኩ ውስጥ የለም። ያለው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ የኢንቴል ግራፊክስ ነው፤ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይዋሳል። ዊንዶውስ ደግሞ እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ እንዲዋስ ይፈቅድለታል። ራሙ 16 ስለሆነ ግማሹ 8 ይሆናል፤ የሻጩ 8 ጂቢ የመጣው ከዚህ ነው። ነገ ራሙን ወደ 32 ብታሳድገው «16 ጂቢ ግራፊክስ» ሊባል ነው፤ ጌሙ ግን በዚያ ልክ አይፈጥንም። የዴሉ 4 ጂቢ ግን ለብቻው በተሠራ የግራፊክስ ካርድ (ጂቲኤክስ 1650) ላይ የተቀመጠ፣ ከራም በጣም የሚፈጥን የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። ኤፍሲ 24 ቢያንስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጂቢ ይጠይቃል፤ 1650 ያንን ያልፋል፣ ጂቲኤ 5ንማ ያለ ችግር ያጫውትሃል።

ይህን በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ሱቁ ውስጥ ታስክ ማናጀርን ክፈት፣ ፐርፎርማንስ የሚለውን ነካና ጂፒዩ (ግራፊክሱ ማለት ነው) የሚለው ላይ ሂድ። «ዴዲኬትድ» ከሚለው ጎን የተጻፈው የካርዱ የራሱ ነው፤ «ሼርድ» የሚለው ከራም የሚዋሰው ነው። የምትከፍለው ለዴዲኬትዱ ብቻ ይሁን። ኤሊትቡኩ ላይ ወይ ጭራሽ አታገኘውም፣ ወይ እዚህ ግባ የማይባል ነው።

ወደ ፕሮሰሰሩ እንምጣ። «አይ7» ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከኋላው ያለውን ቁጥርና ፊደል አንብብ። የዚያ ዘመን ኤሊትቡክ ላይ በብዛት የማገኘው አይ7-7500ዩ ነው፤ ያለው 2 ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚከፋፈል 2 ክፍል ብቻ ነው። ዴሉ ላይ የምትጠብቀው አይ5-9300ኤች ደግሞ 4 ኮር አለው። ዩ የሚለው ፊደል ባትሪ እንዲቆጥብ ተብሎ በ15 ዋት የሚሠራውን ያመለክታል፤ ኤች የሚለው በ45 ዋት ለከባድ ሥራ የተሠራውን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አይ5 አይ7ን ይበልጣል።

ጄኔሬሽኑ ሌላም ጣጣ አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። 7ኛው ላይ በተለያየ ዘዴ ጭነው የሚሸጡ አሉ፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ግን ማይክሮሶፍት የማይደግፈው ስለሆነ ወደፊት ማሻሻያ ላለመቋረጡ ማረጋገጫ የለህም። የሰው ደመወዝና የድርጅት ሒሳብ የምትይዝበትን ማሽን በዚህ ሁኔታ እንድትጀምር አልፈልግም።

ማክቡክስ የሚልህ ካለ፣ ፒችትሪ ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ስለሆነ ላንተ አይሆንም።

ዴሉን ልትፈትሽ ስትሄድ ችኮላ አይኑርህ፤ አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልግሃል። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ሌላ ሱቅ አለ። በመጀመሪያ ቻርጀሩን ገልብጠህ ዋቱን አንብብ። የጌም ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ከ120 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ዋናው ጠፍቶ ሶኬቱ የገጠመ 65 ዋት ሲሰጡ አይቻለሁ። ማሽኑ ይበራል፣ ኤክሴልም ይሠራል፤ ጌም ስትከፍት ግን ኃይል ስለሚያንሰው ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፣ አንተም ካርዱ የተበላሸ ይመስልሃል። ቀጥሎ አንድ ከበድ ያለ ጌም በቻርጀር ላይ ሆኖ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይሂድ። መጀመሪያ ለስላሳ ሄዶ ከ10 ደቂቃ በኋላ መንተፋተፍ ከጀመረ ሙቀት ነው፤ ፋኑ አቧራ ጠግቧል ወይም ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ደርቋል። ይህ የሚታከም ችግር ነውና ሻጩ አጽድቶ፣ ፔስቱን ቀይሮ እንዲያስረክብህ ጠይቅ። ስክሪኑ ላይ መስመርና ነጠብጣብ ካየህ ወይም ማሽኑ በራሱ ከጠፋ ግን ካርዱ ራሱ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ በቅናሽ ቢሰጡህም ተወው።

የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጣልህ ጠይቀው፤ ዊንዶውስ ራሱ የሚያዘጋጀው ነገር ነው። አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። 50,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው 25,000 ከደረሰ ግማሹ አልቋል፤ ዋጋው ላይ መደራደሪያ አድርገው። የጌም ላፕቶፕ ባትሪ አዲስም ቢሆን ቶሎ ያልቃል፤ መብራት ሲጠፋ ፒችትሪህን ሴቭ አድርገህ ለመዝጋት የሚበቃህ ሰዓት መኖሩን ግን አረጋግጥ። ማጠፊያውንም ቀስ ብለህ ክፈትና ዝጋው፤ ከጎን የሚከፈት ስንጥቅ ካለ ወደፊት የስክሪኑን ገመድ ይዞብህ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ፍተሻ ደግሞ አለ። ከውጭ የሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የድርጅት ንብረት የነበሩ ናቸው። አንዳንዱን ድርጅቱ ከመዝገቡ ሳያወጣው ይሸጣል። ያለ ኢንተርኔት ፎርማት ሲደረግ ችግሩ አይታይም፤ ከወራት በኋላ አንተ ኢንተርኔት ላይ ሆነህ ፎርማት ስታደርገው የማታውቀውን ድርጅት ኢሜይል ይጠይቅሃል፣ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ከስልክህ ኢንተርኔት አገናኝና ፊትህ ሪሴት ይደረግ። ባዮሱንም፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የማሽኑን ማስተካከያ፣ ክፈተው፤ ዴል ከሆነ ሲነሳ ኤፍ2ን ተጫን፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10ን። የይለፍ ቃል ከጠየቀህና ሻጩ ማጥፋት ካልቻለ አትግዛው።

ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ወጪህ ራም ይሁን። 8 ጂቢ ለኤክሴል ይበቃል፤ ለኤፍሲ 24 ዝቅተኛው ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ 8 ተሰክቶ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ስለሚሆን ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ሌላ 8 ጨምርበት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ጌሙም ይለሰልሳል። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ ከ512 ጂቢ ቢያንስ አልወድም፤ ሁለቱ ጌሞችህ እያንዳንዳቸው ወደ 100 ጂቢ ይበላሉና 256 የሆነው ወዲያው ይሞላል።

ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። 100 ጂቢ በሞባይል ዳታ ማውረድ ከባድ ስለሆነ ጌም ከሰው ሃርድ ዲስክ ትገለብጣለህ፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው። እንዲህ የሚዞረው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ጌም ሲጫን ብዙ ጊዜ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። አንተ ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ አለህ። ፋይሉ ሁሉ ተቆልፎበት ገንዘብ የተጠየቀ የሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ያውቃል፤ የዓመት መዝጊያ ሰሞን ነበር፣ ልመልስለት አልቻልኩም፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ጌሙን ገዝተህ ተጫወት፤ በቅናሽ ሰሞን ጂቲኤ 5 ዋጋው በደንብ ይወርዳል። የፒችትሪህን ባክአፕም በየሳምንቱ ዓርብ ፍላሽ ላይ አውጣ፣ ከዚያ ፍላሹን ንቀለው። ተሰክቶ ከዋለ እሱም አብሮ ይቆለፋል።

ሱቁ ስትደርስ የታስክ ማናጀሩን ገጽና የቻርጀሩን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አይቼ እስክመልስልህ ቀብድም ቢሆን አትስጥ።